አሚን ያሉት እነማን ናቸው?

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ አመለካከትም ፓርቲም አይደለም። ምርቃቱ የተመረቀው በእኔ ቤት ነው፤ የተመረቀችውም ልጄ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በመሥሪያ ቤትም በፍርድ ቤትም ደጋግመው ስለጠየቁኝ ነው። መልሴ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም።

በዚያን ጊዜ በመካነ ሰላም ከተማ በወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሰዎች ተሰብስበው ይናገራሉ፤ እኔ ከተባለው ሳልጨምር፣ ከተባለውም ሳልቀንስ እጽፋለሁ። በሁለት ሥርዓት ሠርቻለሁ። የሁለቱም ሹማምንት ያሉትን እንዳላሉ፣ ያላሉትንም እንዳሉ አድርጌ እንድጽፍላቸው በየጊዜው ጠይቀውኛል። አላደረግሁትም። ከዚያች ወንበር ወደ ላይ ሳልወጣ የቀረሁትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልሆነላትም። የክፍል ጓደኞቿ አንዳቸው ቤይሩት፣ ሌላዋ ጅዳ ገብተው ለእናቶቻቸው የቆርቆሮ ቤት ሲያሠሩ ታይ ነበርና ኩዌት እሄዳለሁ አለች። እኔ አልፈለግሁም። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የሰው ቤት ልታጸዳ ባሕር ስትሻገር ማየት ከበደኝ፤ ነገር ግን በምትኩ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም። እናቷ ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው። መሄዷ ካልቀረ ተመርቃ ትሂድ አለች።

በእኛ አገር የሚመርቅ ሰው ሃይማኖቱ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ምርቃቱ ይይዛል ወይ ነው። በሰፈራችን ምርቃታቸው ይይዛል የሚባሉት ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ፤ ወደ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። የሠርግ ኮቴንም የሰፉት እሳቸው ናቸው። አያ እላቸዋለሁ። ከወረዳችን ከቦረና አልፎ ከወግዲ ድረስ እየመጡ ለሠርግ፣ ለመንገደኛ፣ መካን ለሆነች ሴት ሁሉ ይጠሯቸዋል። አንድ ቀን ካህን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር እሳቸውን አስቀድሞ፣ ራሱ ቀጥሎ ሲመርቅ አይቻለሁ። ያን ዕለት የተገረመ ሰው አልነበረም።

የእኛው ምርቃት በአንድ የጥቅምት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዳቦ ተቆረሰ፤ ሁሉም እንዲጠጣው ማር ተበረዘ። ጎረቤቶቻችን፣ ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼና የልጄ ጓደኞች ቤቱን ሞሉት። ባለቤቴ የልጅቱን ስልክ ከፍታ ድምፁ እንዲቀዳ ከፊታቸው አኖረችው፤ ልጄ ባሕር ማዶ ሆና ሲከፋት እንድታዳምጠው።

ምርቃት አይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። መራቂው አስቀድሞ ያዘጋጀው ንግግር የለውም። ከአንዱ ልመና ወደ ሌላው የሚያሻግረው የሰው አሚን ነው። አሚኑ ከሰለለ ያሳጥረዋል፤ ከሞቀ ይቀጥላል። በዚያን ቀን ሞቆ ነበር።

«የምትሄደውን በሰላም አድርስልን» አሉ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

አሚን አልን።

«አሠሪዋን አዛኝ አድርግላት። ላቧን ሐላል አድርግላት። እናቷን አፈር ሳትለብስ አገናኛት።»

ባለቤቴ እዚህ ላይ አለቀሰች፤ አሚኗ ለብቻው ይሰማል።

«የታመመውን አሽርልን። የታሰረውን ፍታልን። እነዚያንም ስለ ዲናቸው ተናገሩ ተብለው አዲስ አበባ የታሰሩትን ፍታልን። ያሳሰራቸውንም ልቡን አራራልን።»

አሚን። ከቀደሙት ሁሉ የጎላው አሚን ይህ ነበር፤ እኔም ብያለሁ። ተወልጄ እስካረጅ ድረስ የታሰረውን ፍታ ሲባል አሚን ሳልል ያለፍሁበት ቀን አላስታውስም። ከዚያ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ወላዶቹ አለፉና ጨረሱ። ዳቦውን በላን። ልጄ በሳምንቱ ተሳፈረች።

ምርቃቱ ግን ከእሷ ጋር ብቻ አልሄደም። ከመሄዷ በፊት ለጓደኞቿ አስተላልፋላቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ በስልክ ላይ ዘፈን ወደሚጭነው ሱቅ ወሰደችው፤ የሱቁ ባለቤትም በዘፈኖቹ መካከል አስገብቶ ለጠየቀው ሁሉ ይጭን ጀመር። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ሳይዙት የማይሳፈሩ ሆኑ። በጋው ሲገባ በአቀስታ ሚኒባስ ውስጥ ይከፈት እንደነበር ነገሩኝ፤ ሾፌሮቹ ጉም ሲወርድባቸው ይከፍቱታል አሉ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰሙ ሳቁ። በዚህ ዕድሜዬ ዘፋኝ ሆንሁ፣ ካሴቴ ወጥቷል፣ እጅ መንሻ የሚያመጣልኝ ግን የለም እያሉ በበረንዳቸው ያለፈውን ሁሉ ያሥቁት ነበር።

በእነዚያው ወራት ስለ ጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጁ ሥልጠና እንዲሰጠን ከዞን ሰዎች መጡ። ዐዋጁ ከወጣ ዓመታት ቢሆኑትም በአዲስ አበባ የሃይማኖት ጥያቄ ያነሡ ሰዎች በእሱ ተከስሰው ስለነበር እንደ አዲስ ይነበብ ጀመር። የምክር ቤት አባላትና የመንግሥት ሠራተኞች አዳራሽ ሞላን፤ እኔ እንደ ልማዴ ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። አሠልጣኙ በገንዘብ መርዳት ብቻ ሳይሆን የሞራል ድጋፍ መስጠትም እንደሚያስቀጣ፣ ንግግርም ሰሚው ማበረታቻ ነው ብሎ ሊረዳው የሚችል ከሆነ ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት እንደሚያሳስር አስረዳ። ከገጠር ቀበሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ለታሰረ ዘመድ ስንቅ ማቀበልስ?»

«እንደ ሁኔታው ይታያል» አለ አሠልጣኙ።

እንደ ሁኔታው ይታያል ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ ዐዋጁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከዚህ መልስ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁበትም።

በሚያዝያ ወር ከአቀስታ ሲመለስ በነበረ ሚኒባስ ውስጥ የጸጥታ ሠራተኛ ተሳፍሮ ኖሮ ምርቃቱን ሰማው። ሾፌሩን ከየት አመጣኸው አለው፤ ሾፌሩ ከሱቁ አለ፤ የሱቁ ባለቤት ከልጆቹ አለ፤ ከዚያም ልብስ ሰፊው ጋር ለመድረስ ጊዜ አልፈጀም። ድምፃቸውን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ሲወስዷቸው ያየ ጎረቤት እንደነገረኝ በመኪናቸው መርፌ ሥር የተያዘ የዩኒፎርም እጅጌ ነበረ። ክሩን በጥሼ ልነሣ ብለው ለመኑ። ፖሊሱ ፈቀደላቸው። ምናልባት በዚያ ጉዳይ ውስጥ የተፈቀደላቸው ብቸኛ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን የጠራኝ መርማሪ ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከፊቱ የተተየበ ወረቀት ነበረው፤ እላዩም ላይ የሰፈሩት ስለ እሥረኞቹ የተባሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። እነዚህ ቃላት በቤቴ መነገራቸውን አረጋግጬ እንድፈርም ጠየቀኝ። ሌላው የት ሄደ አልሁት። ሌላው ለጉዳዩ አያስፈልግም አለኝ።

ዕድሜዬን የሰው ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከንግግር መካከል ሁለት መስመር ነጥሎ የንግግሩ ቃል ነው ማለት ምን እንደሚባል ከእሱ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካልተጻፈ አልፈርምም አልሁ። ከሰው ቤት ልታገለግል የምትሄድ ልጅ ስትመረቅ የተባለ መሆኑን፣ ሰዉም በየመካከሉ አሚን ማለቱን ይጻፍ አልሁ።

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

«አሚን ያሉት እነማን ናቸው?»

«አንዱ እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን አልጠየቅሁም። እርስዎ የእኛ ሰው ነዎት።»

«አሚን ያልሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ሌሎቹን ይንገሩኝና እርስዎ ምስክር ሆነው ይለፉ።»

«የራሴን ድምፅ ዐውቀዋለሁ። የሌላውን ድምፅ መለየት ሥራዬ አይደለም» አልሁት።

ዋሽቼ አልነበረም፤ ሥራዬ አልነበረም። ይሁን እንጂ ማንኛውም የሰፈራችን ሰው ያን ድምፅ ሰምቶ ሁሉንም በስም መጥራት ይችል ነበር። በተለይ አንደኛው፣ ስለ እሥረኞቹ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ አሚን የሚለው ጎርናና ድምፅ፣ አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ነበር። መርማሪው ብዙም አልገፋኝም። ምርቃቱ በሙሉ ተተየበና ፈረምሁ።

የግምገማው ቀን የመጣው በሳምንቱ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ማለት ሰው ተነሥቶ ሲሰደብ ሌላው ተራው እስኪደርስ አንገቱን ደፍቶ የሚጠብቅበት ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ስሜን ጠራ፤ አስተያየት ያለው ይናገር አለ። የተነሣው ያ ባልደረባዬ ነበር። ጓዱ ቤቱን የአክራሪዎች መድረክ አድርጓል፣ እየታወቀ ዝም መባሉ ያሳዝናል አለ። ጎርናናው ድምፁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቋረጠም።

ሰብሳቢው ለዚህ ምን መልስ አለህ አለኝ።

ወደ ባልደረባዬ አየሁ። ከፊቱ ላብ ይወርድ ነበር፤ ዓይኔን ሲያይ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። አንድ ቃል ብናገር ከልብስ ሰፊው ጎን እንደሚቆም ሁለታችንም እናውቃለን።

«በቤቴ ልጄ ተመርቃለች» አልሁ። «የመጣ እንግዳ ሁሉ አሚን ብሏል። እኔም ብያለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

ሰብሳቢው «ጓዱ ግትር ነው» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዘ። ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔው ነበርሁና ጻፍሁት፤ ከተባለውም አልቀነስሁም። ክረምቱ ሳይገባ ከቃለ ጉባኤ ያዥነት ተነሥቼ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርሁ። ጡረታ እስክወጣም ያሮጌ ወንበርና የተሰበረ ጠረጴዛ ጠባቂ ሆኜ ቆየሁ። በእኔ ወንበር የተቀመጠው ያ ባልደረባዬ ነው።

በሰፈራችን የሆነው ከዚህ ይልቅ ይመርራል። የልብስ ሰፊው ባለቤት ደሴ እሥር ቤት ስንቅ ለማድረስ ስትነሣ ተከትያት ልሂድ የሚል ጎረቤት ጠፋ። ባለቤቴ ብቻ እስከ መኪና መናኸሪያው ትሸኛት ነበር። አብሽሪ፣ ያልፋል ትላታለች። በዚያን ዓመት በተደረገ አንድ ሠርግ ሌላ ሽማግሌ ሲመርቁ የታመመውን አሽርልን አሉና በቀጥታ ወደ ዝናቡ አለፉ። የታሰረውን ዘለሉት። ሁላችንም ልብ አልን፤ ማንም ግን ለምን አላለም። አሚኑም ቢሆን እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱ እስኪቀድም ሲጠብቅ ተንጠባጥቦ የሚወጣ ሆነ።

ልጄ ከኩዌት ስትደውል እናቷ ምርቃቱን ከስልክሽ አጥፊው አለቻት። በየአርብ ከሥራ ስታርፍ እንደምታዳምጠው ታውቅ ነበር። ልጄ እሺ እማዬ አለች። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንኳ በዚያን ጊዜ በስልክ የማይጠየቅ ነገር መኖሩን ያውቅ ነበር።

ዐቃቤ ሕግ እኔን በራሱ ምስክርነት ቆጠረኝ፤ ድምፁ የተቀዳው በቤቴ ስለሆነ። የመጥሪያው ቀን ሲደርስ በማለዳ ተሳፍሬ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ሄድሁ። ጉሙ ከመንገዱ አልተነሣም ነበር። ሾፌሩ በመንገዱ ሁሉ ምንም አልከፈተም።

በችሎቱ ልብስ ሰፊው ከስተው አገኘኋቸው። በራሳቸው ልክ የሰፉት ኮት ከትከሻቸው ወርዷል። ሲያዩኝ በዓይናቸው ሰላምታ ሰጡኝ። የቀረበባቸው ክስ የሽብር ድርጊትን ማበረታታት ነው፤ ከተረጋገጠ የሚጠብቃቸው ትንሹ ቅጣት አሥር ዓመት ነበር። በዚያ ዕድሜ አሥር ዓመት ምን ማለት እንደሆነ በአዳራሹ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል።

ዐቃቤ ሕጉ ቃላቱ መባላቸውን ጠየቀኝ። ተብለዋል አልሁ። ታዳሚው ምላሽ ሰጥቷል ወይ አለኝ። አሚን ብሏል አልሁ።

«እንግዲያው ታዳሚው መልእክቱን ተቀብሎታል።»

«አሚን ድምፅ መስጠት አይደለም» አልሁ። «በምክር ቤት የድጋፍ እጅ ስቆጥር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በቤቴ የተቆጠረ እጅ የለም። ሰዎቹ ፈጣሪን ለመኑ።»

ዳኛው የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ አሳሰቡኝ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላብጦ ቀጠለ።

«ሕጉ የሚለው ሰሚው ምን ተረዳ ነው። እርስዎ ሰሚ ነበሩ። ምን ተረዱ?»

«ልጄ በሰላም እንድትደርስ የተመረቀች መሆኗን ተረዳሁ።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ከሳቁት አንዱ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ አልሳቀም። ስለ እሥረኞቹ የተባለውን ነጥሎ ምን ተረዱ አለኝ። የታሰረ እንዲፈታ መለመኑን ተረዳሁ፣ እኔም እንዲፈታ ፈለግሁ አልሁ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና ከጎናቸው ላለው ጸሐፊ ይጻፍ አሉት። ጸሐፊው ጻፈ። ከተናገርሁት ግማሹን እንዳስቀረ ከብዕሩ አካሄድ ዐወቅሁ።

ተከሳሹ የሚጨምሩት ካለ ተጠየቁ። ልብስ ሰፊው የችሎቱን እንጨት ይዘው ተነሡ።

«እኔ የታሰረን ፍታ ብዬ የለመንሁት አሏህን ነው። መንግሥትን አልጠየቅሁም። መንግሥት ለምን ተቆጣ?»

ዳኛው ይህ የክርክር ቃል ስላልሆነ አይመዘገብም አሉ። ስለዚህ በፍርድ ቤቱ መዝገብ አይገኝም። የተባለ መሆኑን እኔ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ተለወጠ። አንድ ጊዜ ዳኛ ጎድሎ፣ አንድ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ዝግጁ ሳይሆን፣ ሌላ ጊዜ ምክንያቱ ሳይነገር። ባለቤታቸው በየቀጠሮው ከመካነ ሰላም ደሴ ትመላለሳለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ገና ነው ትለናለች። ሌላ ዝርዝር አልነበረውም። የልብስ መኪናቸው በረንዳው ላይ አቧራ ሲጠጣ ከርሞ በመጨረሻ ለወረኢሉ ነጋዴ ተሸጠ።

ፍርዱ ሲነበብ በአዳራሹ ነበርሁ። ፍርድ ቤቱ በጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጁ የቀረበው ክስ በማስረጃ አልተረጋገጠም አለ። እዚህ ላይ ባለቤታቸው እጄን ያዘችኝ። ቀጥሎ ግን አንቀጹን ለውጦ የሐሰት ወሬ በማሠራጨት ሕዝብን በማነሣሣት ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ወሰነ። ልመና እንዴት ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ውሳኔው አያብራራም። የተወሰነባቸው እሥራት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፤ የታሰሩበትም ጊዜ ልክ ይኸው ነበር። ነጻ ቢባሉ ኖሮ ያን ያህል ጊዜ በከንቱ ማን አሰራቸው የሚል ጥያቄ ይመጣ ነበር። በዚህ ስሌት ጥያቄው አልመጣም፤ ለአሳሪውም ለታሳሪውም ጉዳዩ እኩል ተዘጋላቸው።

ውሳኔው ሦስት ነጥብ ነበረው። ተከሳሹ የተወሰነባቸውን ቅጣት ስለጨረሱ በሌላ ጉዳይ የማይፈለጉ ከሆነ እንዲለቀቁ፤ በኤግዚቢትነት የተያዘው የድምፅ ቅጂ እንዲወገድ፤ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለስ። የተፈረመውና የታተመው በደሴ፣ ሰኔ ፲፯ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም. ነው።